የሊናርዶስ በር

እኔ የእግር መንገድ እጠላለሁ። ይሄን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ደሴት የድንጋይ መንገድ ላይ በቅሎ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኛ። ታዲያ እኔ ካልጠላሁት ማን ይጥላው? የውጭ አገር ሰዎች በመርከብ ይመጣሉ፣ በሁለት እጃቸው ዱላ ይይዛሉ፣ ካርታ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ከዚያ "እንዴት ያለ ውብ መንገድ!" ይላሉ። ውብ ነው፣ አዎ። ሲሚንቶ ካላመላለስክበት፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ካላወጣህበት፣ ውብ ነው። እነሱ ደስ ብሏቸው ይሄዱበታል። እኛ ሌላ ስላልነበረን ሄድንበት። አስፋልቱ የመጣ ጊዜ በቅሎዬን ሸጬ አልጋዬ ላይ ተዘረርኩ።

የቀረኝ የፋሲካ ማግሥት ብቻ ነበር። በፋሲካ ማግሥት የእመቤታችን ሥዕል ከላይኛው መንደር ወጥታ ደሴቱን ቤት ለቤት ትዞራለች፣ በእግር። ተሸካሚው እያንዳንዱ በር ላይ ቆሞ "ቤቶች! ሰው አለ?" ብሎ ይጣራል። ባለቤቶቹ ከውስጥ "አለን! ግቡ!" ይላሉ። ሥዕሏ ትገባና አልጋው ላይ ትቀመጣለች፤ ቄሱ ያጥናሉ፤ ባለቤቱና ተሸካሚው ቀይ እንቁላል ያጋጫሉ፣ ያልተሰበረለት ያሸንፋል፤ ራኪ የሚባለው አረቄ ይቀመሳል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። መልስ የሌለው ቤት ግን ይታለፋል። ዝግ እንኳ ቢሆን አንድ ጊዜ ተጠርቶ፣ ትንሽ ተጠብቆ፣ ይታለፋል። አንዴ የታለፈ ቤት የሞተ ነው፤ የባለቤቱም ስም በጸሎት ከሙታን ጋር ይጠራል። የአገሩ ደንብ ነው፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ማንም ግን አያፈርሰውም።

ተሸካሚው እኔ ነኝ። ከኔ በፊት አባቴ ነበር። ሥዕሏ በብር የተለበጠች ናት፤ በቆዳ ማንገቻ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች፤ በወጣትነቴ አንግቻት ቁልቁለቱን እሮጥ ነበር። አሁን ጉልበቴ ከኔ ጋር አይነጋገርም። የሚብሰው ግን ጉልበቴ አይደለም፤ በሩ ነው። በየዓመቱ የሚመልስልኝ እያነሰ፣ ዝም የሚለኝ እየበዛ መጣ። ተጣርተህ ቆመህ ስትጠብቅ፣ ከውስጥ የሚሰማው የርግብ ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ የሚደክምህ ድካም ሌላ ነው። ተኝተህ አይወጣልህም።

ከታች ባሕሩ ዳር ሊቫዳኪ የሚባል ሰፈር አለ። አስፋልት ያልደረሰበት እሱ ብቻ ነው፤ የቀረውም ነዋሪ አያ ሊናርዶስ ብቻ ነበር። ሚስቱ ካሊሮ እዚያው ቤት ሞታለች። በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ አህያው ገና ሳይሞት፣ ዱቄት ሊገዛ ወጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

"ዛኒስ" አለኝ፤ "ከበዓሉ በኋላ የእህቴ ልጅ ፒሬየስ ከተማ ልትወስደኝ ነው። ፎቅ ቤት።"

"ጥሩ ነው እኮ፣ አያ።"

"ጥሩ ነው። አሳንሰር አለው።" አሳንሰሩን የተናገረው ስለ ሬሳ ሣጥን እንደሚያወራ ሰው ነው። "ሄጄ አልመለስም፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ብቻ ዘንድሮ ሥዕሏን አምጣልኝ። ቤቴ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ ልመልስላት። ካሊሮ የሞተችበት ቤት ታልፎ እንዲዘጋ አልፈልግም።"

"መቼ ቀርቼብህ አውቃለሁ?"

"አልቀረህም። ግን እየሸመገልክ ነው።"

"አንተ ነህ እንግዲህ ይሄን የምትናገረው!"

ሳቀ፤ አህያውን ነድቶ ወረደ። በጾሙ አጋማሽ አህያው ሞተ ሲባል ሰማሁ። እግሩ ከዚያ በኋላ ያቺን ዳገት እንደማይወጣ ገባኝ፤ ስለዚህ ነገሩ በኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ፋሲካ ዕለት ቅዳሴው እንዳለቀ ቄስ ሲደሪስ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ወጣት ናቸው፤ ከየብሱ አገር መጥተው እኛን ከሌላ ደሴት ጋር ደርበው የሚያገለግሉ፣ እንቅልፍ የራቃቸው ሰው። ክፉ አይደሉም። "ዘንድሮ ተሸካሚ የለም፤ የድንጋዩም መንገድ ፈርሷል። ስለዚህ ነገ ሥዕሏ በፒካፕ ትዞራለች። ቤታችሁ ከአስፋልት የራቀ መንገድ ዳር ወጥታችሁ ጠብቁ" አሉ። ተሸካሚ የለም ሲሉ እኔ ከፊታቸው ቆሜ ሻማ ይዣለሁ።

"አባ፣ እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?" አልኳቸው ሰው ሲወጣ።

"ጋሽ ዛኒስ፣ እርስዎማ ደክመዋል።"

"ደክሜያለሁ። አልሞትኩም።"

"በፒካፑ ከፊት ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ በር ላይ ይወርዳሉ፣ ይጣራሉ። ምን ጎደለ?"

"ሊናርዶስ ጎደለ።"

ተከራከርን። ጮህኩባቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መጮህ ነውር ነው፣ ግን ጮህኩ። በመጨረሻ ግንባራቸውን አሽተው እሺ አሉ፦ ሌላው ሁሉ በፒካፕ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለው አውድማ እስከ ሊቫዳኪ ብቻ በእግር። እሳቸውም አብረውኝ ይወርዳሉ። "እኔም እሄዳለሁ" አለች ከኋላችን የሟች ወንድሜ ሚስት አርጊሮ። "ይሄ ሽማግሌ ገደል ሲገባ ምስክር ያስፈልጋል።"

አርጊሮ እንዲህ ናት። ወንድሜን ስትቀብር አልቅሳ ስትጨርስ መቃብሩን "እንኳን አረፍክ፣ እኔን አላሳረፍከኝም" ያለች ሴት ናት።

በማግሥቱ አውድማው ጋ ከፒካፑ ወረድን። አብረውን የመጡት ሴቶች ሥዕሏ የምትጓዝበትን የአበባ አጎበርና ፋኖሱን ከኋላ አስረው ወደ ደሴቱ ጫፍ ቀደሙ፤ እዚያ ሊጠብቁን። እኔ ሥዕሏን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ፤ ነጩን መሸፈኛዋን አለበስኳት። ማንገቻው የለመደው ቦታ ላይ ገብቶ ተቀመጠ፤ የለመደው ቦታ ደግሞ ወዲያው አመመኝ።

መንገዱ ፈርሷል ሲባል እውነት ነው። የእርከኑ ግንብ ተንዶ ደረጃው ላይ ፈስሷል፤ ባልፈሰሰበት እሾህ በቅሎበታል። የድሮ ሰዎች ድንጋዩን ጠርበው የደረደሩት ለበቅሎ እርምጃ ነው፤ ለሰው ለአንድ እርምጃ ይበዛል፣ ለሁለት ያንሳል። ጉልበቴ እያንዳንዱን ደረጃ ተቃወመ። የሰሜን ነፋስ ከጀርባችን ወደ ባሕሩ ይገፋናል።

"ቀስ በል" አለች አርጊሮ። ጥናውን በአንድ እጇ፣ ቀሚሷን በሌላው ይዛለች፤ ያደረገችው ደግሞ የበዓል ጫማ ነው።

"በዚያ ጫማ ነው እኔን የምትመክሪኝ?"

"ጫማው ይለወጣል። ያንተ ራስ ነው የማይለወጠው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ላንተ ነው።"

"አባ፣ ይህችን ሴት ይገዝቱልኝ።"

"ትንፋሽ ካገኘሁ" አሉ ቄስ ሲደሪስ። ቀሚሳቸውን እሾህ ይዞት ቆመው ያላቅቃሉ። ስልካቸው ይጮኻል፤ አያነሱትም።

መሐል መንገድ ላይ የማሪኖስ ቤት አለ። ጣራው ገብቷል፤ በሩ ግን ቆሟል። ቆምኩ። "ቤቶች! ሰው አለ?" አልኩ። ጠበቅን። ከውስጥ አንድ ርግብ ወጥታ በረረች። ሟቹ ማሪኖስ ድሮ እዚህ ደጃፍ ላይ በለስ ያጎርሰኝ ነበር። ቄሱ አማተቡና አለፍን። ከሱ በታች ሌላ በር አለ፣ ከዚያ በታችም ሌላ። ጠራሁ፣ ጠበቅሁ፣ አለፍኩ።  

"ለሙታን በር ጉሮሮህን ለምን ትጨርሳለህ?" አለችኝ አርጊሮ፣ በቀስታ።

"ለሊናርዶስ ላሟሙቀው ብዬ ነው።"

ከታች የሊናርዶስ ቤት ታየን። ወይ አያ! ያን ቤት ኖራ ቀብቶት፣ ቀብቶት፣ ዓይን ይወጋል። ቤቱን ብቻ መሰላችሁ? ከደጃፉ እስከ መታጠፊያው ያለውን የመንገዱን ድንጋይ ዙሪያ ዙሪያውን በኖራ አስምሮታል። ያ ማለት በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ባልዲ እየጎተተ፣ አንድ በአንድ። ለሥዕሏ ነው የተቀባው። ደስ አለኝ። አንገቴን አቃናሁ፣ መሸፈኛዋን ገለጥኩ፣ በሩ ላይ ቆሜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፦

"ቤቶች! ሰው አለ?"

ዝም።

አርጊሮ አየችኝ። ቄሱም አዩኝ። "እንቅልፍ ይዞት ይሆናል" አልኩ። 

"አያ ሊናርዶስ! ሰው አለ?"

ዝም። የመስኮቱ መከለያ ዝግ ነው። አርጊሮ ጥናውን አስቀምጣ በመከለያው ክፍተት አጮለቀች። እኔ አልቀረብኩም። የማየው አልጋ ላይ የቀዘቀዘ ሰው እንዳይሆን ነው የፈራሁት።

"የለም" አለች። "አልጋው ተነጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ሁለት መለኪያ፣ ሁለት ቀይ እንቁላል። ሰው ግን የለም።"

"ባሕሩ ጋ..." አልኩና ወረድኩ። ጀልባ ማሰሪያው ባዶ ነው። ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ፤ ክዳኑ እንደተከደነ ነው፤ ተመስገን። በረቱ ባዶ። "ሊናርዶስ!" ብዬ ጮህኩ፤ ነፋሱ ድምፄን ወስዶ ባሕር ላይ ጣለው። እዚያ ቆሜ ሳለ እንባዬ መጣ፤ የሐዘን አልነበረም፤ የንዴት ነው። ይሄን ሁሉ ወርጄ! ቃል ገብቼለት! ጠብቀኝ ብዬው!

ስመለስ ቄስ ሲደሪስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። "ጋሽ ዛኒስ" አሉኝ፤ "ደንቡን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። መልስ ከሌለ..."

"አውቀዋለሁ።"

"እንግዲህ..."

"አባ፣ ይሄን ቤት ካለፍኩ እንደ ገደልኩት ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ይወስዱታል። ከሙታን ጋር ስሙ እየተጠራ ፎቅ ላይ ይቀመጥ?"

ቄሱ ከቀሚሳቸው ላይ እሾህ ይነቅሉ ጀመር። 

ይሄኔ ነው ከባሕሩ ዳር መንገድ ሁለት ሰዎች ብቅ ያሉት። እነዚያ ዱላ የያዙት፣ ባልና ሚስት፤ ሰውዬው አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ እንደ ድንች ሆኗል። ከሊቫዳኪ ወደ ላይ ሌላ መንገድ አለ፤ በባሕሩ ዳር ዞሮ፣ ወደ ነቢዩ ኤልያስ ኩርባ፣ ወደ አስፋልቱ የሚወጣ። ረጅም ነው፤ ግን ደረጃ የለውም። እኛ ትተነዋል፤ እነሱ ናቸው የሚሄዱበት። ሴትየዋ ሥዕሏን ስታይ ባርኔጣዋን አወለቀች። ከዚያ በተሰባበረ ቋንቋችን፦

"ክርስቶስ ተንሥአ።"

"በእውነት ተነሥቷል" አልናት።

"ላይ... ሽማግሌ" አለች። ወደ ተራራው ጫፍ ጠቆመች። "ተቀምጧል። መንገድ። ሻማ..." በእጇ ሻማ እንደያዘ ሰው ሆነች፤ ከዚያ ጣቷን ከዓይኗ ወደ ጉንጯ አወረደች። ያለቅሳል ማለቷ ነው።

አርጊሮ ግንባሯን መታች። "ወይኔ! መንገድ ዳር ውጡ የተባለውን ሰምቶ ነው! በጀልባ ያለፈ ዓሣ አጥማጅ ነግሮት ይሆናል። እኛ እንደምንወርድ ግን ማን ነገረው? ማንም!"

እውነቷን ነው። ደሴት ላይ የቄስ አዋጅ ሳይመሽ ሁሉ ጋ ይደርሳል። የተጣሉ ሁለት ሰዎች በደጅ የታረቁበትን ግን ማን ያወራዋል? እኛ በላይኛው መንገድ ለሱ ስንወርድ፣ እሱ በታችኛው መንገድ ለሥዕሏ ወጥቶ ነበር። አህያ ሳይኖረው! በዚያ እግሩ!

"እንሂድ" አልኩ።

በባሕሩ ዳር መንገድ ወጣን። ስለዚያ ዳገት የምነግራችሁ የለኝም፤ እግሬን እያየሁ ብቻ ነው የወጣሁት። አርጊሮ አንዴ "ስጠኝ፣ እኔ ልያዛት" አለች። አልሰጠኋትም። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ ልሰጣት ነበር፤ አልጠየቀችኝም።

ኩርባው ጋ፣ ከኤልያስ ጸሎት ቤት አጠገብ፣ አያ ሊናርዶስ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሠርጉን ኮት ለብሷል። ሻማው ጠፍቶ በእጁ አለ፤ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ የለበሰ የዳቦ ሳህን። ሲያየን አልተነሳም።

"ታለፍኩ" አለ።

"አያ..."

"ፒካፑ አለፈኝ። አበባውን አየሁ፣ ፋኖሱን አየሁ። ሻማዬን አብርቼ ቆሜ ነበር። ሹፌሩ 'መልካም በዓል!' ብሎኝ አለፈ። እኔ እዚህ ቆሜ፣ በቁሜ፣ ሥዕሏ አለፈችኝ።" ድምፁ ተሰበረ። "ሞቻለሁ እንዴ ዛኒስ? ካልነገራችሁኝ አላውቅም እኮ።"

"ባዶ አጎበር ነው ያለፈህ! ሥዕሏ እኔ ጋ ናት! ቤትህ ነበርን፣ በርህ ላይ ስጮህ ነበር!"

ቀና አለ። ሥዕሏን አያት፤ ነጩን ጨርቅ፤ ከዚያ ጫማዬን፣ ጭቃውን። አፉ ተንቀሳቀሰ። "ቤቴ ወረዳችሁ?" አለ።

"ወረድን!"

"እኔ ደግሞ ውረዱልኝ ልላችሁ ወጣሁ።" ሻማውን ኪሱ ከተተና "ሁለት ሽማግሌ ደንቆሮ" አለ።

"ሦስት" አለች አርጊሮ፤ "እኔም ተከትዬዋለሁና።"

ቄስ ሲደሪስ ጎንበስ ብለው "አባታችን፣ እነሆ መጣችልዎ። እዚሁ ይሳለሟት፣ እዚሁ እንጸልይ" አሉት፤ በእውነት ከልባቸው ነው።

ሊናርዶስ ራሱን ነቀነቀ። "አባ፣ እኔን ለመሳለም ቤተ ክርስቲያን አለ። የፋሲካ ማግሥት ሰው አይደለም የሚጎበኘው፣ ቤት ነው። እኔ እዚህ ቤት አይደለሁም፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ ነኝ።" ሊነሳ ሞከረ። ጉልበቱ ከዳው፤ ያዝነው። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ተቀመጠ፤ እግሩን እንደ ባዕድ ሰው እያየ። "አይወርድም" አለ። "ለመውጣት ጨርሼዋለሁ።"

ከዚያ ኩርባ ሆነህ ቁልቁል ስታይ የሊናርዶስ ቤት ፊት ለፊትህ ነው፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ መከለያው ዝግ። ሁላችንም አየነው።  ፒካፑ ተጠርቷል፤ ሲመጣ ሊናርዶስ ይጫናል፤ የእህቱ ልጅ በላይኛው መንደር ሻንጣ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። አለቀ ማለት ነው። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ።

እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደክሞኛል። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም፤ ጉልበቴ እንደ በሰለ በለስ አብጧል። ልቤ ውስጥ ግን "ታዲያ ምን ቀረኝ? ለምን ልቆጥበው?" የሚል ነገር አለ።

"አያ" አልኩት፤ "ከዚህ ስትጮህ ታች ይሰማል?"

አየኝ። "በሰሜን ነፋስ? አባቴ ከዚህ ሆኖ ምሳ አምጪ ብሎ እናቴን ይጠራት ነበር።"

"እኔስ ከታች ብጣራ?"

"አይሰማኝም። ነፋሱ ባንተ ላይ ነው።"

"እንግዲያው ስጣራ መሸፈኛዋን አውለበልባለሁ። ነጭ ሲውለበለብ ካየህ እየጠራሁህ ነው። ትመልሳለህ።"

ቄስ ሲደሪስን አየኋቸው። ደንቡ ያለው መልስ ይሰማ ነው፤ ከየት ይምጣ አላለም። ቄሱ ይሄን በሆዳቸው ሲያገላብጡ ቆዩና "እኔም አብሬዎት ልውረድ" አሉ።

"እርስዎ እዚህ ይሁኑ አባ። ካወለበለብኩ በኋላ ከሱ ጋር ቆመው ያጥናሉ። ሁለት ጊዜ የሚወርድ ሞኝ አንድ ይበቃል።"

"ዛኒስ" አለች አርጊሮ። ስድብ ጠበቅኩ። ሻሿን ፈትታ ማንገቻው የበላኝ አንገቴ ላይ፣ ከሥሩ አስገባችልኝ። "ቀስ በል" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

"ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር ነው" አለ ሊናርዶስ። "እንቁላሉን አጋጭልኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው የኔ ነው፣ በበሩ በኩል ያለው የእንግዳ።"

ወረድኩ። ብቻዬን። ያ አፍንጫው የተላጠው ሰውዬና ሚስቱ መንገድ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ፤ ደግሜ ስወርድ ሲያዩኝ ተያዩ። ሴትየዋ አንዱን ዱላዋን ዘረጋችልኝ። ዕድሜ ልኬን የሳቅኩበትን ዱላ ተቀበልኩ። እውነቱን ልናገር? ጥሩ ነገር ነው።

በሩ ጋ ደረስኩ። ወደ ላይ ሳይ ኩርባው ላይ ነጠብጣብ ናቸው፤ የቱ ሊናርዶስ እንደሆነ አይለይም። መሸፈኛውን ከሥዕሏ ላይ ገፈፍኩ፣ አውለበለብኩ፣ ጮህኩ፦

"ቤቶች! ሰው አለ?"

ጠበቅሁ። ነፋሱ ብቻ። የኖራው ሽታ። አላየኝም ይሆን? ዓይኑ ደክሟል እኮ፤ እንዴት አላሰብኩትም? ቄሱ ይነግሩት የለ? ደግሜ አውለበለብኩ።

"አያ ሊናርዶስ! ሰው አለ ወይ?"

ከላይ፣ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ግን ቁልጭ ብሎ፣ ድምፁ ወረደ፦

"አለሁ!"

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

"አለሁ! አለሁ! ግቡ!"

ገባሁ። ሥዕሏን አልጋው ላይ፣ በካሊሮ በኩል አስቀመጥኳት። ሁለቱንም መከለያ በረገድኩ፤ ከላይ እንዲያየው፣ ቤቱ ክፍት እንደሆነ። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ራኪውን ለሁለታችን ቀዳሁ፣ ሁለቱንም ጠጣሁ፤ ማን ይጠጣው ታዲያ? ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለሊናርዶስ መሰለኝ መጀመሪያ። ስለ ራሴ በር ነበር። እኔ እንድመልስ ማን ይጠራኛል? ማን ይወርዳል?

እንቁላሎቹን አጋጨሁ፤ የመስኮቱን በአንድ እጅ፣ የበሩን በሌላው። የመስኮቱ ተሰበረ። የሊናርዶስ። "ይባስ ብሎ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ተናደድኩ። ያልተሰበረውን በኪሴ ከተትኩ፣ የተሰበረውን በላሁት፣ ቅርፊቱን ጠራርጌ አፀዳሁ። በሩን ገጠም አደረግኩት፤ ቁልፉን አላዞርኩም። ሥዕሏን አንግቼ ወጣሁ፣ በዱላ።

ስደርስ ፒካፑ መጥቷል። ሊናርዶስን ከፊት አስቀምጠውታል፣ በሩ ክፍት ነው። ድምፁ አልቋል፤ ስንቴ እንደጮኸ እንጃ። ቄስ ሲደሪስ ሥዕሏን ከአንገቴ አወረዱልኝ፤ እጄን ሳሙ፤ ቄስ የኔን እጅ! አርጊሮ አንገቴን አየችና "እንደ በቅሎ ተልጠሃል" አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ቤቱስ?" አለኝ ሊናርዶስ።

"ንጹሕ ነው። ክፍት ነው።"

"አይቻለሁ። መከለያው ሲከፈት አየሁ።" ከዚያ "እንቁላሉ? ማን አሸነፈ?" አለኝ።

"አንተ ነሃ!" አልኩት፤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። "ይኸው፣ ጭረት የለበትም።"

ወደ ፀሐይ አዞረው። በአውራ ጣቱ አሸው፣ ጣቱን አየ። "ውሸታም" አለኝ። "የኔን በዘይት አሽቼው ነበር። ይሄ ደረቅ ነው። ይሄ ያንተ ነው።"

አፈርኩ። "እሺ፣ ተሸነፍክ" አልኩት።

"ተሸነፍኩ?" ቀና አለ፤ ፊቱ በራ፤ በእውነት በራ። ወደ ቄሱ ዞረ፣ ወደ አርጊሮ ዞረ፣ ባለቀው ድምፁ "ሰማችሁ? ተሸነፍኩ! ለመሸነፍም እኮ መኖር ያስፈልጋል" አለ።

እንቁላሉን ሰብሮ ላጠው፣ ለሁለት ከፈለው፣ ትልቁን ለኔ ሰጠኝ። ጨው አልነበረም። በላነው፤ ፒካፑም ተነሳ።